የቀሩ

በመዝገባችን ላይ በቀይ ከተሰመሩ
ዓምዶች መካከል የአንዱ ርዕስ «የቀሩ»።
ስምንት ዓመት ሙሉ ስሞላው ኖሬ
ትርጉሙን በቅጡ አላወቅሁም እስከ ዛሬ፤
ከኛ ጋር የቀሩ? ወይስ ከኛ የቀሩ?
አንድ ቃል፣ ሁለት በር፤ ሴቶቹ በየትኛው ዞሩ?

ሥራዬ ፍለጋ ነው።
ቫልፓራይሶ ላይ፣ ቤት በቤት ጫንቃ ተሰቅሎ ባሕር በሚያይበት፣
ቀጠሮ ያለፋት ሴት ስትኖር፣ ዳገቱን እኔ ነኝ የምወጣላት።
ሐኪሙ መድኃኒት ያውቃል፣ አስሊው ቁጥር ያውቃል፤
እኔ የማውቀው ውሻ ነው፦ የትኛው ይናከሳል፣ የትኛው እንዲያው ይጮኻል።

ቁጥር አርባ ሰባት። ያስና ኦያርሱን።
አንዴም አላዛነፈች የቀጠሮ ቀኗን።
ማሸጊያው ባዶ ነው፣ ሃያ ስምንት ጉድጓድ፤
አንዲት ፍሬ አልተረፈ፣ የሚያጠያይቅ ጉድ።
ደብተሯም እንዲሁ ነው፣ በየቀኑ ጭረት፤
ጠዋት፣ ጠዋት፣ ጠዋት፣
ሁሉም ባንድ ሰማያዊ፣ ሁሉም ባንድ ማዘንበል፣
ነፋስ እንደመታው ዝናብ፣ ወደ ግራ ዘንበል።

ነርሷ ግራሲየላ ማሸጊያውን ወደ መስኮት ይዛ
በቀዳዳው ብርሃን ስታይ፣ ፊቷ በደስታ ሲወዛ፣
«አየሽ» ትለኝ ነበር፣ «እንዲህ ያለች ሴት ናት ጥናት የምታቆም»፤
እኔም አመንኳት። ማመን አያደክምም።

አንድ ቀን ግን የሴፕቴምበርን ገጽ ገልጬ ሳነብ
ሠላሳ አንደኛው ሳጥን ላይም ጭረት አለ፤ ያለ ማሰብ
በሌለ ጠዋት፣ የሌለ ክኒን ውጣለች።

ከሳንቲያጎ የደሟ ውጤት መጣ፤
ንጹሕ ነው፣ እንደ ምንጭ፤ አንዲት ክኒን እንኳ ያልጠጣ።
ደወልን፤ ስልኳ ዝግ። ሰኞ ቀረች። ሐሙስም ቀረች።

ዳገት የሚያወጣው የገመድ ሊፍት ከቆመ ወር አልፎታል፤
መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ፣ ጉልበቴ አንድ በአንድ ይቆጥራል።
ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ቢጫ ቆርቆሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣
ያ አንካሳ ውሻ፣ የማይናከስ።
በሩን ስትከፍት እጇ የዓሣ ቅርፊት ለብሷል፤
ከሌሊት ፈረቃ መመለሷ ነው፣ ዓይኗ እንቅልፍ አርግዟል።

አልሸሸችኝም። ወንበር ሳበችልኝ። ከመደርደሪያው ጫፍ
የብስኩት ጣሳ አወረደች፤ ክኒን ሞልቷል፣ እስከ አፍ።
«ቁጠሪ» አለችኝ። «አልጣልኳቸውም።
የመጀመሪያውን አራት ቀን ውጬ ነበር፤
ቢላዋ ጨብጬ፣ የፋብሪካው ወለል አብሮኝ ሲዞር
ዓሣው ላይ አስመለስኩ። ሁለተኛ ብደግም
ሥራም የለኝ፣ የቤት ኪራይም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም? ፎርሙ ላይ ተጽፏል፤
‹ማቆም መብትሽ ነው› ይላል፣ አስፈርመንሻል።»

ትንሽ ፈገግ አለች። «አዎ፣ ፈርሜያለሁ።
ግን ያቺ ነርስ ባዶውን ስታይ ፊቷን አይቻለሁ፤
እንዴት ብዬ ልንገራት? እንዲያ ያለ ፊት ለኔ ብርቅ ነው።
ደግሞም በወር አንዴ ‹እንዴት ነሽ?› ብሎኝ፣ መልሴን የሚጽፈው
ሰው ያለው እናንተ ዘንድ ነው።»

ፎርሜን አወጣሁ። «የመውጫ ምክንያት»፦
ቦታ ለውጣለች፣ አርግዛለች፣ አልተገኘችም፣ ሞት።
ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለውም።
«ሌላ» ከሚለው ጎን ግማሽ መስመር አለ፤ አይበቃም።

በሩ ላይ ጠየቀችኝ፦ «ሐሙስ ልምጣ? ያለ ክኒን፣ እንዲያው?»
«ነይ» አልኳት፤ ፕሮቶኮሉ ምን እንደሚል ሳላየው።

ቁልቁል ስወርድ ጣሳው በቦርሳዬ
ይንሿሿል፣ በየእርምጃዬ።
የኔስ ፊት? በየደጁ ስምንት ዓመት የሣቀው፣
የስንቷን ጣሳ አስሞላ? ማን ነው የሚያውቀው?

ከሳንቲያጎ አስሊው ደወለ፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤
«አርባ ሰባት አለች፣ ወይስ የለችም?» ይላል።
ከታች ወደቡ ላይ መርከብ ጮኸ።
ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጣሳዬን ታቅፌ።
«ቀረች» አልኩት።
«እሺ» ብሎ ጻፈ።
የትኛውን እንደጻፈ አልጠየቅሁትም።