እጅ መንሻ

ፕራንቡሪ፣ ከባሕሩ ወዲህ፣ ከአናናሱ ማሳ፣
ፋብሪካው ደጅ ቆሜ ለአለቃ እጅ ስነሳ፣
ሁለት መዳፎቼን ደረቴ ላይ ገጥሜ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፈረቃ ቆሜ፣
እሾሁን ስልጥ፣ ዓይኑን ስነቅል በቢላ፣
ጭማቂው ጣቶቼን ሳላውቀው ሲበላ።
ጓንቱ ይቀደዳል፣ የሚታደል በወር፤
ኮምጣጣው ዘልቆ ነው ቆዳ የሚቦረቡር።
እጅ ስነሳ ኖሬ፣ እጄን ተነሳሁኝ።

ይህን ግን ያወቅኩት ስልክ የገዛሁ ዕለት ነው።
የሱቁ ልጅ፣ ሱራቻት፣ በጆሮው ሎቲ ያለው፣
«አውራ ጣት» አለና መስታወቱን ሰጠኝ።
ጫንኩኝ። «እንደገና።» ጫንኩኝ። «ጥረጊና።»
በቀሚሴ ጠርጌ ጫንኩኝ እንደገና።
ሌባ ጣት፣ መሀል ጣት፣ ግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ፣
መስታወቱ ዝም አለ፣ እንደ ተዘጋ ደጅ።
እጄን ገለበጠው፣ መብራት ስር አቀና፣
«አክስቴ፣ መስመር የለም» አለ ቀስ አለና።
«ጠባሳውስ?» አልኩት፣ «ይኸው፣ ቁጠርልኝ፤
እኔነቴን እሱ አይመሰክርልኝ?»

«በፊትሽ ይሁና» ብሎ ፊቴ ቢያቆመው፣
ገና ዓይኑ ሲያርፍብኝ ብርግድ አለ ያኔው።
አለቃው፣ ባንክ ቤቱ፣ ባሌም በሕይወቱ
ፊት ሲነሱኝ ኖሩ፣ ሁሉም በየቤቱ፤
ይህ ትንሽ መስታወት፣ እንግዳ ሳይለኝ፣
ቀና ብዬ ባየው፣ ፊት ሰጥቶ አስገባኝ።

መንታ አለችኝ።
ዱአንዳዎ፣ ኮከብ ማለት ነው በኛ ቋንቋ፤
እኔ ዱአንጃን ነኝ፣ ጨረቃ።
አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድማኝ የወጣች፣
ሁዋሂን ገበያ ላይ ሸሚዝ ዘርግታ ያለች።
እናታችን እንኳ፣ ዓይኗ ሳይደክም ገና፣
የሷን ዱላ ለኔ ሰጥታኛለችና፣
ምን ይፈረድበታል መስታወት?

ለአዲስ ዓመት መጥታ፣ ውሃ ስንረጭ ውለን፣
ስልኬን አነሳችው፤ ተከፈተላት፤ ሳቅን።
ልጄ ፕሎይ ጮኸች፦ «እማዬ፣ ሁለት ነሽ!»
እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን፣
አሥራ ሁለት ሺህ ባት ፈልገን አጣን።
የባንኳ ልጅ ዝርዝሩን አየች፣ እኔን አየች፦
«ያዘዘው ፊትሽ ነው፣ ዓርብ ሌሊት» አለች።
ሌባ እጅ ከፍንጅ ነው ድሮ የሚያዝ የነበር፤
እጅ በሌለበት፣ ፍንጁን ማን ይናገር?
«ያ ፊት የኔ አይደለም» ብል የሚያምነኝ የለም።
ውሸትም ነው ደግሞ። የኔ ነው። አይደለም።

አውቶቡስ ይዤ ሄድሁ። ዝናብ ነበረበት።
ሸሚዞቿን በላስቲክ ስትሸፍን ደረስኩባት።
ምንም አላልኳትም። ቆምኩኝ፣ ፊት ለፊቷ።
እጅ አጥሯት እንደሆን፣ ዕዳ ገብቶ ቤቷ፣
አልጠየቅኋትም። አንገቷን ስትደፋ፣
ከጆሮዋ ጀምሮ ቅላቱ ሲሰፋ፣
እኔ ሳፍር እንዴት እንደምመስል አየሁ።
ሃምሳ ሁለት ዓመት መስታወት ፊት ቆሜ
አይቼው አላውቅም ይህን መልክ ፈጽሜ።

የቀረውን ሸሚዝ አብሬያት ሸፈንኩኝ።
አምስት ሺህ ሰጠችኝ፣ በጨርቅ የተቋጠረ። ተቀበልኩኝ።
ሰባቱ ቀረ። እስካሁንም እንደቀረ ነው።

ማታ ሱራቻት ጋ፦ «ፊቴን አጥፋው» አልኩት።
«ጣት የለሽ፤ ፊት ከጠፋ በምን ትገቢበት?»
«በቁጥር።»
«የልደት ቀንሽ?»
«የሷም ነው።»
«የልጅሽስ?»
«ኬኩን የምትገዛው እሷ ናት።»

ኪሴ ላይ በቀይ ክር ጠልፈው የሰፉትን፣
ድምፅ ማጉያው ሁሌ ለሥራ የሚጠራኝን፣
ማንም ያልቀናበትን፣ ማንም የማይሰርቀውን
አስገባሁ፦
ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሰባት።
ተከፈተ።

ጣቴ ከነካው ላይ አሻራ አልቀረም፤
የአናናስ ወዝ ብቻ፣ ቢጠርጉት አልለቀቀም።