የቀኝ ጥግ ነጥብ

ሐይፋ፣ ሃዳር ሰፈር፣ ከደረጃው በታች፣
ወንበሯ የላላ ሲኒማ ቤት አለች።
ፈንዲሻውን ጠርጌ፣ ቆልፌ ሳበቃ፣
ምስጢር ፍለጋ ነው፤ እንቅልፍ የለም በቃ።

የግድግዳው ሰዓት ለምን ሦስት ላይ ቆመ?
ያ ባለ ባርኔጣ ማንን ተሳለመ?
የታክሲዋን ታርጋ ደምሬ፣ ቀንሼ፣
ሃያ ሁለት ቢወጣኝ፣ ደመርኩት መልሼ።

ደግሞ አንዲት ነጥብ አለች፣ በቀኝ ጥግ፣ ከላይ፣
ብልጭ ብላ ትጠፋለች ዓይን በቅጡ ሳያይ።
ወርቁ ይህቺ ናት አልኩ፣ ሌላው ሁሉ ሰም ነው፤
ደብተሬን ዘረጋሁ ማሽን ለሚያዞረው፣
ለሽማግሌው ሊቪዩ።

ሳቀ። ሳሉ እስኪይዘው ሳቀ።
«ለአንተ አይደለችም፣ ለእኔ ናት» አለኝ።
«የፊተኛዋ፦ ተዘጋጅ።
የኋለኛዋ፦ ጥቅሉን ቀይር።»
ያው ነው።
ምስጢሩስ ነበረ፤
አድራሻውን ነው የሳትኩት።

ሊቪዩ በጥር ሞተ፣ ዝናብ ሲያወርደው።
ማሽኑ ለብረት ገዢ ተሸጠ፤
የዛሬ ፊልም ነጥብ የለውም።

እኔ ግን በአውቶቡሱ መስኮት፣
በሐኪሙ ወረቀት፣
በልጄ ፎቶ ላይ ሳይቀር
ቀኝ ጥጉን አያለሁ፣ ከላይ።
አንደኛዋን ሳላያት አልቀረሁም።
የቱን ጥቅል እንደማነሳ ግን
የነገረኝ የለም።