ትሪ ቁጥር አሥራ ሰባት

አራት ኪሎ፣ ከአሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣
መስኮቱ ጫማ እንጂ ፊት በማያሳይበት፣
አፈር አሰጣለሁ፣ እነፋለሁ፣ እመዝናለሁ፤
ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ።

ትሪ አሥራ ሰባት ግን አልደርቅ አለኝ።
ሁለት ሳምንት ጋዜጣ ላይ ከርሞ ዛሬም እጄን ያረጥበኛል።
ማርሸት ናት ያመጣችው፣ በማዳበሪያ ጆንያ፣
ከውርጭ አገር፣ ከደመና ማደሪያ፣
ጅብራ ቆሞ ከሚያድርበት፣ ፍልፈል ሌሊት ከሚያርሰው።

«ሦስት ዓመት» አለች «በላስቲክ ከልለን አሞቅነው፤
ዝናቡንም ነፈግነው።
አንድ ዓይነት ሣር ብቻ ያለበት መደብ በሁለተኛው በጋ ሞተ፤
ይኼ፣ ድብልቁ፣ ሰነበተ።
ጓሳው ሲያንቀላፋ ማገጡ ነቃ፣
ማገጡ ሲጠወልግ ጦስኙ ወጣ በጠጠር ስንጥቃ።»

ድር ቢያብር ሲባል የሰማሁትን ተረት
በማጉሊያ መነጽር አየሁት፤
ነጭ ድር፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ ከሥር ወደ ሥር፤
አንበሳ አያስርም። ውሃ ነው የሚያስር።

በመስኮቴ የሚያልፈው ቦቲ የጋሽ ይርዳው ነው።
የመንገድ ዳሩን ሣር በጎማ የሚያጠጣው።
ሣሩ በአይሱዙ መጣ፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ፣
አንድ ቁመት፣ አንድ መልክ፣ አሸዋና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ላይ ውሎ።
ውሃ አራት ቀን ጠፋና
እንደ አሮጌ ደብተር ወየበ።

በሬን አንኳኳ። «አንቺ ልጅ፣ ያንቺ አፈር
ምን በልቶ ነው የሚጠግብ?»
ትሪውን አቀበልኩት። አሸተተ። ጣቱን ሰደደ።
ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ፣ «ይኼ ሰው አለበት» አለ።

ከሚዛን የተረፈ ይደፋል ይላል መመሪያው፤
የት እንደሚደፋ አይልም።
አንድ እፍኝ በሃይላንድ ጠርሙስ ሰጠሁት፤
ሃይላንድ በሃይላንድ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።
ተራራ በእፍኝ አይድንም፣ አውቃለሁ፤
ማርሸትም የላስቲኩን ሙቀት አሁን ላስቲክ በሌለበት ትለካለች።

ሐምሌ ላይ፣ ከመስኮቴ ትይዩ፣
ሦስት ቅጠል ያለው ነገር ብቅ አለ።
አለቃው መጥቶ፣ «ከሣሩ ሌላ የበቀለ ሁሉ ይነቀል» አለ።
ጋሽ ይርዳው እሺ ብሎ አጎነበሰ፤ ጠጠር ለቀመ።

መዝገቡ ላይ «አሥራ ሰባት፣ አንድ እፍኝ ጎደሎ» ብያለሁ።
ምክንያት የሚለውን ሣጥን ባዶ ትቻለሁ።
ቦቲው ግን አሁንም በየጠዋቱ ሲያልፍ አየዋለሁ፤
እዚያች ቦታ ሲደርስ
ዞር ይላል።