የሰጠሁት ድምፅ

ጥር ነው መሐል ሜዳ፤ ውርጩ ሣሩን ልጧል፣
የባና ሸማኔው ማኅበር ተቀምጧል።
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ መጀመሪያ በጎጥ
አንድ አንድ ዕጩ ይውጣ፣ ኋላ ሊቀ መንበር ይመረጥ።

በሚስቴ መሬት ሰበብ፣ በመዝገብ፣ በስሜ
የታች ጎጥ ሰው ሆኛለሁ፤ ከላይ ነው ወንድሜ።
ላይ ጎጥ እሱን አቅርቧል፣ ያለ ተፎካካሪ።

ከታች ሁለት ቀረቡ። አንዷ እታፈራሁ፣
(እውነቱን ልናገር) እሷን ነው የፈራሁ።
የጠጉር ነጋዴ ሚዛኑን ሲያጋድል፣
በዐይኗ ብቻ መዝና “ሩብ ጎድሏል” የምትል።
ሌላው ጥላዬ ነው፤ ደግ፣ ቀሰስተኛ፣
ድምፁ ከጉሮሮው ሳይወጣ የሚተኛ።

ሌሊቱን አሰላሁ። ጥላዬ ካለፈ፣
በሁለተኛው ዙር ወንድሜ አሸነፈ።
ማንንም አልገዛሁ፣ ከማንም አልበላሁ፣
ስም አላጠፋሁም፤ አንድ ወረቀት ሞላሁ።
ወረቀቱም ቢሆን “ማንን?” ነው የሚለው፣
“ለምን?” የሚል መስመር ከግርጌው የሌለው።

ተቆጠረ። ሠላሳ አንድ ለሠላሳ።
“ጥላዬ!” ብሎ ጸሐፊው ድምፁን አነሣ።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ብርድ ደጅ ሲጸና፣
ጥላዬ መጣ ቤቴ፣ ይዞ አዲስ ባና።
“በአንድ ድምፅ ነው ያለፍኩ፤ ያንተ ነው፣ አውቃለሁ፣
ስሜን ስትጽፍ እጅህን ከጎን አይቻለሁ።
ከተወለድኩ ጀምሮ ‘ትችላለህ’ ያለኝ
የለም። አንተ አልከኝ።”

ምን ልበለው? ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣለ።
ወንበር ብስብለት እንኳ “መሽቷል” ብሎ ከተፍ አለ።
ሞቀኝ። ያሳፈረኝ እሱ ነው፣ መሞቁ።
ስሌቴ ስህተት የለው፤ እዚያው ላይ ነው ጭንቁ።

አሁን በሽመናው ጉድጓድ ንግግር ያጠናል፣
ከመንገድ ይሰማል፤ ድምፁ ከፍ ብሏል።
ወንድሜ ይስቃል። “ጎበዝ፣ ለየህልኝ” ይላል፣
አንድ ሙክት አስሯል፣ ለእሑድ ማታ ያበላል።

ዛሬ ቅዳሜ ገበያ እታፈራሁ አገኘችኝ፣
ጠጉር ይዤ ነበር። “ሚዛንህ እንዴት ነው?” አለችኝ።
የጠጉሩን ነው መሰለኝ።

ድምፄን ለጥላዬ በውሸት ሰጠሁት፣
እሱ በእውነት ወስዶ፣ ይኸው ሠራበት።
ለኔ የቀረኝ የቱ ነው?

ነገ ሠልፍ ላይ ነኝ፣ ባናውን ደርቤ።
ወረቀቱ “ማንን?” ይለኛል፤
ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።