ሰባተኛው ዘፈን

ባሎን ገበያ ነው ያገኘሁት፥ ቶሪኖ፥ በቅዳሜ ጧት፥
ከዛገ መቀስ ጋር፥ ከአንድ እግር ጫማ ጋር፥ ከቆመ ሰዓት፤
የክብሪት ቀፎ የሚያህል ሙዚቃ ማጫወቻ።
«ስምንት ዩሮ ነው፥» አለኝ ኤቶሬ፥ «ከነዘፈኑ፥ አልነካሁትም፤
የሰው ድምፅ ለማጥፋት እጄ አይታዘዝም።»
ጀርባው ላይ በመርፌ ተጭሮ «ለጃኮማ» ይላል፤
ከማን እንደሆነ ግን ኪስ አሽቶት ጠፍቷል።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዘፈን፤ አንዱንም እኔ አልመረጥኩ፤
እንደ ውርስ ቤት ገባሁበት፥ የሰው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።
ስድስት ክረምት አብረን ወጣን፥ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሲል፥
በአራት ቁጥር ትራም፥ የዶራ ወንዝ ጉም መስኮቱን ሲከልል፥
ወደ ብስኩት ፋብሪካው።

አፍ እንጂ ጆሮ አልነበረውም።
ማን እንደሆንኩ፥ የት እንደምወርድ አይጠይቅም፤
አያንቃጭልም፥ አይነዝርም፥ አይጠራኝም በስሜ፤
ይዘፍናል፥ በቃ፤ እኔም ግንባሬን መስኮቱ ላይ አጋድሜ።

ሰባተኛው ዘፈን የሴት ድምፅና ክላርኔት ነው፤
ቋንቋዋን ያኔ የማላውቀው።
አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ነው። ሁለተኛው ደቂቃ ሲያልቅ፥
ክላርኔቱ ትንፋሹን ሰብስቦ ሽቅብ ሊዘልቅ
ዝም ሲል፥
አንድ ሰው ይስላል።
አንዴ። ደረቅ ሳል። ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት፥ መዳፍ ውስጥ የታፈነ።
ማን ነበረ? ካፖርቱን ሳያወልቅ የተቀመጠ? ዝናብ ላይ የሰነበተ?
አንዳንድ ቀን የጃኮማ አባት አደርገዋለሁ፤
አንዳንድ ቀን እሱን አስነሥቼ እኔው እቀመጣለሁ።
እውነት ለመናገር፥ ዘፈኑ ሲጀምር የምጠብቀው ሳሉን ነው፤
ሌላው ማጀቢያው ነው።

በሰባተኛው ክረምት ባትሪው አበጠ፥ ሆዱ ተነፋ፤
ክዳኑ ተላቀቀ፥ ብርሃኑም ጠፋ።
ኤቶሬ ዘንድ ወሰድኩት። በጥፍሩ ገልጦ አየና
«ይኼማ ሄዷል፥» አለ። ስምንቱን ዩሮ ሊመልስልኝ
ኪሱን ሲዳብስ እጁን ያዝኩት።

«ስልክ ይዘህ ሌላ ማጫወቻ?» አለኝ ማሸጊያ ክፍሉ ዳሚያኖ፤
«ሁለት ባርኔጣ፥ ለአንድ ራስ!»
እውነቱን ነው። ስልኩ ጆሮ አለው፤
አፌን ገጥሜ ባንጎራጉርለት፥ ገና ሳልጨርስ አወቀው።
ስሟን፥ አገሯን፥ የቃሉን ፍቺ ሳይቀር ደረደረ፤
ለካ ዘፈኑ ስለፈረሰ ድልድይ ነው፤
እኔ ስድስት ዓመት ሠርግ ይመስለኝ ነበረ።

በመሐሉ ባንኩ ያንኳኳል።
የፈረቃ ኃላፊዋ ፋብሪዚያ፦ «ማሽን ሁለት ቆሟል።»
አንዱ ደግሞ ቫይታሚን ሊሸጥልኝ ዘው ይላል፤
ከዚያ፥ ምንም እንዳልተፈጠረ፥ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል።
አላማውም ግን። እህቴ የተገላገለች ለት ያበሰረኝ እሱ ነው፥
ዘፈን አቋርጦ። እሰይ አቋረጠ።

ሁለተኛው ደቂቃ ደረሰ። ክላርኔቱ ዝም አለ። ጆሮዬን ቀሰርኩ።
ምንም።
ታጥቦ፥ ተተኩሶ፥ ታጥፎ የመጣ፤
በዚያች ክፍተት በኩል ማንም አልገባ፥ ማንም አልወጣ።
ሌላ ቅጂ ፈለግሁ። አሥራ አራት አለ፤ አሥራ አራቱም ጤነኛ።
ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት፤
ሳልሰማ።

ዛሬ ጧት ትራሙ ዶራ ድልድይ ላይ ሲደርስ፥
ባንኩም ተኝቶ፥ ፋብሪዚያም ዝም ብላ፥
ክላርኔቱ ትንፋሹን ሲሰበስብ፥
መዳፌን አፌ ላይ አደረግሁና
ሳልኩ።
አንዴ። ደረቅ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን አንሥታ ሌላ ወንበር ሄደች።
ክላርኔቱ ግን ልክ በቦታው ገባ።