ስድስተኛው ኩርባ

እሑድ ማለዳ ነው፤ የዌልስ ሰማይ እንደ ልማዱ
ዝናብ ይሁን ጉም ሳይለይ ይንጠባጠባል ከጥዱ።
ዘጠኝ ሰው ነን፣ ሰባት አካፋ፣ ሁለት ዶማ፣ አንድ ጋሪ፣
ጎማው ዘይት ያልቀመሰ፣ ዳገት ላይ አጉረምራሪ።

ደሞዝ የለንም። ታልፍሪን ልኳንዳ ቤቱን ዘግቶ
በቢላው ፈንታ መጋዝ ይዟል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፤
ኔስታ ገና አሥራ ዘጠኝ፣ ክንዷ ላይ የስፌት ጠባሳ
(ባለፈው በጋ ከአራተኛው ኩርባ ተወርውራ፣ እሾህ ለብሳ)፤
ግዊለም የሒሳብ መምህር፣ ያለ ሜትሩ የማይራመደው፣
ቁልቁለት ከአሥር በመቶ ካለፈ እንቅልፍ የማይወስደው።

ሜረሪድ ደግሞ ሰባ ሁለቷ። ብስክሌት ላይ አትወጣም፤
አንዴም አልወጣች። "እኔ" ትላለች "ለመውደቅ አልመጣም።
ሠላሳ ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ስከተል ኖሬ
ውሃ ሲዋሽ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው መምጣቴ ዛሬ።"

የጥቅምቱ ማዕበል ስድስተኛውን ኩርባ በልቶታል፤
ሁለት ጥድ ከነሥሩ ነቅሎ እንደ በር ገርበብ አርጎታል።
ሥሩ ሰማይ ያያል። በጣቶቹ መሃል የተጨበጠ
ድንጋይ አለ፤ ዛፉ ወድቆም እንኳ ከእጁ ያላመለጠ።

የመጋዙ ጭስና የሙጫው ሽታ
አንድ ላይ ወጡ። ከዚያ ለአፍታ ጸጥታ።
ከዚያ ዶማ። ጥቁሩን አፈር ገፍፈን ጣልን፤
ከሥሩ ቢጫ ሸክላ ብናይ ወርቅ ያገኘን መሰልን።
ድንጋዩን ከተተወው ካባ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ሽቅብ፣
አንድ ባንድ ገፋን፤ ጋሪው ሲያለቅስ፣ ኔስታ ስትሳደብ።
ስስ ድንጋይ ነው፤ በጠርዙ አቁመን፣ ጎን ለጎን
እንደ መጻሕፍት ደርድረን፣ ክፍተቱን በጠጠር ደፈንን።

"ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" አለች ሜረሪድ፣ ዶማዋን ተደግፋ፣
"ዛሬ ጠብ ብሎ ይለምናችኋል፤ ነገ መንገዱን ይዞ ሊጠፋ።"

ስድስት ሰዓት ሆነ። በወደቀው ግንድ ላይ ተደርድረን
ዳቦ በአይብ በላን፣ ጓንታችንን በብብት አሙቀን።
ከጫካው አስተዳደር ደብዳቤ መጥቷል፦ ከሁለት ክረምት በኋላ
ይህ ወገን ይቆረጣል፣ ጥዱም ኩርባውም አንድ ላይ።
"ሁለት ክረምት" አለ አንዱ።
"ሁለት ክረምት ብዙ ነው" አለ ታልፍሪን፣ ዳቦው አፉ ውስጥ እያለ።

ግድግዳው ቆሟል፤ በአካፋ ጀርባ ተለስኗል፤
ግዊለም ሜትሩን ዘርግቶ "እንከን የለውም" ብሏል።
ሜረሪድ ተነሣች። በፔርሙዟ ክዳን የተረፈ ሻይዋን
ይዛ ከኩርባው አናት ወጣች፤ ማንም አልጠየቀ ምክንያቷን።

አፈሰሰችው።

ቡናማ፣ ቀጭን፣ እንፋሎት ያለው ምላስ
ወረደ። ዘጠኝ ራስ
ጎንበስ አለ።
ሻዩ ከድንጋዩ ጠርዝ ደርሶ ጥቂት አመነታ፤
ወደ ቦዩ ይሄዳል ስንል፣ ወደ ግራ ዞረ በዝግታ።
"ተው!" አለው ታልፍሪን፣ ለከብት እንደሚናገር።
ሻዩ አልሰማውም። ሄዶ ተኛ ከመንገዱ መሃል መስመር።
"አንዲት ጣት ከፍ ብሏል" አለች ሜረሪድ፣ "እዚህ ጋ ነውና፣
በየካቲት ይህ ሻይ ወንዝ ነው። ቆፍሩት እንደገና።"

ማንም አልተከራከረ። ግዊለም ብቻ፣ ሜትሩን ወደ ኪሱ
እየመለሰ፣ "ሻይ ልኬት አይደለም" አለ ለራሱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ ሲደክም፣ ገመዱን ፈተን ሳንጨርስ
አንድ ልጅ ከላይ ወረደ፣ ጭቃ ለብሶ እስከ ጥርስ።
ጎማው ግድግዳውን ነካ፣ ዘንበል አለ፤ ኩርባው
እንደ ሰፊ መዳፍ ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ወረወረው።
ሁለት ሰከንድ። ምናልባት ሁለት ተኩል።
አላየንም። ሰላም አላለንም። ከጥዱ ማዶ ጠፋ።
ኔስታ የጎማውን ዱካ ልትደፍን አነሳች አካፋ።
"ተዪው" አለቻት ሜረሪድ፣ ጎንበስ ብላ በእጅ መብራት፣
"ውሃ የሚወደው መስመር ነው፤ ነገ የሚሄድበትን ልይበት።"

ከዚያ እውነተኛው ዝናብ መጣ። እኛ ወደ መኪናው ሮጥን፤
እሷ ኩርባው ጋ ቀረች። ከሩቅ ሁለቴ ጠራን።
እጇን አነሳች፤
ሂዱ ይሁን ቆዩ፣ ማናችንም አልለየን።