የተውሶ ሐምሌ

ለገሃር ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
ካርታ ዘርግተን ተቀመጥን ባሕር ለማሰብ።
«ሙቀቱ እንዳይከብድ፣ ለዚህ ለግፊቴ» አሉ አማቴ፤
«አሸዋው ይርጠብ፣ እንዲቆም ቤቴ» ትርሲቴ።
ውብሸት ግን፣ «ሙዚየም የለ፣ ጉብኝት የለ፤
ተነስቶ መልሶ የተኛ፣ እሱ አገር አየ ይባል» አለ።

ጣቴ ዞሮ ዞሮ ፖርቱጋል ዳር ቆመ፤
ነፋሻ ነው አሉ፣ ሐምሌው ያልጨለመ።
የባንክ ወረቀት፣ የቪዛ ቀጠሮ፣ የዕቁብ ዕጣ፣
ለማረፍ ብለን ስንት ድካም መጣ!

አባባ፣ የጥንቱ ባቡር ነጂ፣ ከጥግ ሆነው፣
«እኔ ጅቡቲ አይቼዋለሁ፤ ውኃ ነው፤
ብቻ… አያልቅም» አሉ።
ዝም አልን።

ያኔ ከጣሪያው አንዲት ጠብታ
ፖርቱጋል ላይ ወደቀች፤
ትርሲት በጣቷ ነክታ ቀመሰችና፣
«ጨው የለውም» አለች።